ሰፈሩ የሰጠኝ ጉልበት

ጊዮርጊስ ጀርባ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ ሰገነት፣ እንደምን ከርመሻል? ልጅሽስ፣ የልጅ ልጆችሽስ፣ ጓሮሽስ? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። የዘገየሁት ምስጋናውን ከየት ልጀምረው እያልኩ ሳመነታ ነውና ይቅር በይኝ። ሲሞን ያንቺን ቆጮና ቅቤ ከቡታጅራ ድረስ ጭኖ አምጥቶ "ደብዳቤ የለም እንዴ?" ሲለኝ ባዶ እጁን መሸኘቴ አሳፍሮኛል። ሹፌር ባይሆንና ፖስተኛ ቢሆን ኖሮ ከስሶኝ ነበር። ደውዬ እንዳልነግርሽ ደግሞ ጆሮሽ እምቢ ካለ ወዲህ ስልክ ላንቺ ጌጥ ነው። ልጅሽ ተቀብላ እየጮኸች ስታስተላልፍልሽ የኔ ጉልበት የቡታጅራ ወሬ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ብዕር ይሻለናል።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ ጉልበቴን ቀየሩት። ነሐሴ ላይ እኔና አንቺን አብሮ ያየን ያ ወጣት ሐኪም ነው የሠራኝ። የተበላውን የአጥንት ጫፍ አንስቶ ብረትና ፕላስቲክ ገጠመበት። እጁ ይባረክ። "አመመሽ ወይ?" ላልሽው፣ ምንም አይለኝም። ጉልበቱ የኔም አይመስልም።

እንዴት አላመሰግን እትዬ? ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ያለችውን የክርና የዚፕ ሱቄን ስንት ዓመት በአንድ እግሬ እንደጠበቅኳት አንቺ ታውቂያለሽ። ባንኮኒው ላይ በክርኔ ተደግፌ ስውል ደንበኛው "ወይዘሮ ዐፊፋ ዛሬ ደግሞ በምን ተክዛ ነው?" ይል ነበር። ሐኪሙ ይቀየር ሲል፣ አቅሙ ከየት መጥቶ ብዬ ትቼው ነበር። ጋሽ ገነነ ሰማ። የእድር ሊቀመንበር ሆኖ የሞተ ሲቀብር የኖረ ሰው "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ደግሞስ እድር ለሬሳ ብቻ ነው ያለው ማነው?" ብሎ ተነሳ። የጊዮርጊስ ሰው፣ የድልድዩ ነጋዴ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም እጁን ዘረጋ። ይኸው ሰፈሩ ጉልበት ሰጠኝ።

ጠያቂው እስካሁን አልተቋረጠም። ሰው በገባ ቁጥር ብድግ እላለሁ። "ተይ አትነሺ" ይላሉ፣ ዓይናቸው ግን እግሬ ላይ ነው። የሰጡትን ጉልበት ማየት ይፈልጋሉ፤ አይፈረድባቸውም። ባለፈው እሁድ ጋሽ ገነነ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ መጣና "እስኪ ተራመጂልን" አለኝ። ከመጋረጃው እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። አጨበጨቡልኝ። በሠርጌ ቀን እንኳ ያን ያህል አልተጨበጨበልኝም።

ሱቅ ገና አልወረድኩም። ዝናቡ መንገዱን አጨቅይቶት ነው።

አንቺ ግን ቃልሽን እንዳትረሺ። "ያንቺ ደህና ከሆነ እኔም ጉልበቴን አስቀይራለሁ፤ ካልሆነ ከነዱላዬ ቅበሩኝ" ብለሽ ምለሻል። የታህሳስ ቀጠሮሽ እንደተያዘ ነው፣ ልጅሽና አማችሽም ተዘጋጅተዋል። የቀረው የኔ ቃል ነበር። ይኸው ጻፍኩልሽ፣ ደህና ነው። ነይ።

እህትሽ ዐፊፋ


ቡታጅራ
ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጎረቤቴ ለዐፊፋ። ቤቴ ፈርሶ እኔ ልጄ ዘንድ ብገባም ጎረቤትነታችንን ያፈረሰው የለምና አሁንም እንዲሁ እጠራሻለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔም ደህና ነኝ። ከመጋረጃው እስከ በሩ ሄድሽ የሚለው ጋ ስደርስ እንባዬ መጣ። ልጄ አይታኝ "ምን ሆነች?" ብላ ደነገጠች። "ሄደች" አልኳት። "ወዴት?" አለችኝ። እስካስረዳት ድረስ ሞትሽ መስሏት ነበር።

ለጋሽ ገነነ እጅ ንሺልኝ። ያ ሰው ሲቆጣ ነው የማውቀው፣ እንዲህ ያለ ልብ አለው ብዬ አላስብም ነበር።

ስለኔ ጉልበት ልንገርሽ፣ አልደብቅሽም። ብሶበታል። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ቅጽሩን ሳላልፍ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። እግሬን ልጄ ነው የምታጥበኝ። ልጅ እናቷን ብታጥብ ነውር የለውም፣ ምርቃት ነው። እኔ ግን ጎንበስ ባለች ቁጥር አንገቷን እያየሁ እሳቀቃለሁ። ለዚህ ብዬ ነው ቢላዋውን ያሰብኩት። ቢላዋውን አልፈራውም ዐፊፋ። የምፈራው የማላውቀውን ነው። ጆሮዬ አይሰማም፤ ሐኪም ቢያስረዳኝ ግማሹን እስታለሁ። ስለዚህ ካንቺ ቃል ሌላ የምይዘው የለኝም። ያንን አውቀሽ ጻፊልኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ እንጂ። በጥቅምት አጋማሽ ምን ዝናብ ነው መንገድ የሚያጨቀየው? ሲሞንን ጠየቅኩት። "አዲስ አበባ ፀሐዩ አናት ይበሳል" አለኝ። መድኃኒትሽንስ በሰዓቱ ትውጫለሽ? እንቅልፍሽስ?

ቅቤውን ለራስ አድርጊው ብዬ ልኬ ሙኒር በቂንጬ እንደጨረሰው ሰምቻለሁ። ልጅሽ ነው፣ ምን ይደረጋል።

ሰገነት


ጊዮርጊስ ጀርባ
ህዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ፣ ሰላምሽ ይብዛ። እኔ አልሃምዱሊላህ። ዝናብ ያልኩት ጤዛውን ነው። አንቺ ደግሞ እንደ ፖሊስ ምስክር ትጠሪብኛለሽ!

ስለ መድኃኒቱ ላልሽው፣ ሐኪሙ ራሱ ነው የቀነሰልኝ። ለክትትል ሄጄ "ህመሙ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ይሆናል?" አለኝ። "አልሃምዱሊላህ" አልኩት። "ቁጥሩን ይንገሩኝ እማማ" አለኝ። "የኔ ልጅ፣ አሏህ ያንተን እጅ ይባርክ፣ ሰፈሩን ያኑርልኝ፣ ምን ቁጥር አለው?" አልኩት። ሳቀ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። "እንግዲህ ጠንካራው ማስታገሻ አያስፈልግዎትም" ብሎ ቀለል ያለ አዘዘልኝ። እሱንም ትቼዋለሁ። ሱስ ይሆናል ይባላል። ደግሞ ይህን ሁሉ ያደረገልኝን ሰው "ያመኛል" ማለት ምን ይባላል? ሰው ቀሚስ ሰፍቶ ቢሰጥሽ "ጠበበኝ" ትይዋለሽ?

እንቅልፍ ላልሽው፣ ሌሊት ከነቃሁ አይቀር ሶላቴን እሰግዳለሁ። ትርፍ ነው። ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምሰግደው፣ ግንባሬን መሬት ማድረስ ገና ነው።

ብርኽቲ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለች፣ የአክሱም ልጅ። "ያጥፉት፣ ይዘርጉት፣ በቀን ደጋግመው ይሥሩ" ትለኛለች። እሺ እሺ እላታለሁ። ቤት ስገባ ግን እጄ አይደፍርም። ቢሰበርስ? የሰው እቃ ነው እትዬ። ጎረቤት ያዋሰሽን ሳህን እንዴት ነው የምታጥቢው? እኔም እንደዚያ ነው የምይዘው። ትራስ አድርጌለት ቀጥ አድርጌ አስተኛዋለሁ። ሙኒር ከቴዎድሮስ አደባባይ ቢሮው ሲመለስ "እማ፣ ሠራሽ?" ይለኛል፤ "ሠራሁ" እለዋለሁ።

ጠያቂ ሲመጣ ግን ብድግ ማለቴን አላቆምኩም። አንዱ "ሳምንት ሳይሞላት የሮጠች አውቃለሁ" አለኝ። እንግዲህ እኔ ስንፍናዬ ነው።

ይልቅ ቀጠሮሽን እንዳታዛንፊ። ልጅሽ ከእግርሽ ሥር ጎንበስ ማለቷ ይብቃ።

ዐፊፋ


ቡታጅራ
ህዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዐፊፋ፣

ሰላምታውን ቆይ። ሲሞን ያየውን ነግሮኛል። እሱ አልነግርም ብሎ ነበር፤ ምሳ አቅርቤ አስጨንቄ ነው ያወጣሁበት፣ አትቆጪው። በርሽን አንኳኩቶ ብዙ ቆመ አለኝ። ስትከፍቺ ግድግዳውን ይዘሻል፣ ግንባርሽ አልቦታል። "ደህና ነኝ በልልኝ" ብለሽው ደብዳቤውን ሰጠሽው፣ በሩን ዘጋሽ አለ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ወዲያው አልነዳም፤ ከመስኮትሽ የሰማው ለቅሶ ነው።

ልጄን "ደውለሽ ቀጠሮዬን ሰርዢልኝ" ብያታለሁ። አልመጣም። ህመም ፈርታ ነው እንዳትይ፤ ሦስት ልጅ ወልጄ ሁለቱን ቀብሬያለሁ፣ ህመም አውቃለሁ። የማላውቀው የማንን ቃል ይዤ እዚያ አልጋ ላይ እንደምወጣ ነው። አንቺ ካታለልሽኝ ማንን ልመን?

ቤቴ የፈረሰ ዕለት ትዝ ይልሽ እንደሆነ ፍራሼ ላይ መንገድ ዳር ተቀምጬ ነበር። ያለፈ ያገደመው ሁሉ "አይዞሽ፣ ለበጎ ነው" አለኝ። አንቺ ሱቅሽን ዘግተሽ መጥተሽ አጠገቤ ተቀመጥሽ። አይዞሽ አላልሽም። "ያማል እትዬ፣ አልቅሺ" አልሽኝ። የጭነት መኪናው እስኪመጣ እጄን ይዘሽ አብረሽኝ አለቀስሽ። ያንን ዕለት ልቤ ያልፈነዳው ባንቺ ነው። እስከ ዛሬ በአፌ አላመሰገንኩሽም፤ አሁን ተቆጥቼ እያለሁ ላመስግንሽ፣ ኑሪልኝ እህቴ።

ታዲያ ለኔ የፈቀድሽውን ለራስሽ ለምን ነፈግሽ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ሰፈሩ ጉልበት የሰጠሽ እንድትሄጂበት ነው፣ ዋሽተሽ እንድታስደስቺው አይደለም።

ደብዳቤ ሲጀመር ደህና ነኝ ይባላል፣ ወጉ ነው። የሚቀጥለውን ያለዚህ ጀምሪልኝ። መጻፍ ካልቻልሽ ባዶ ወረቀት ላኪልኝ፣ ይገባኛል።

ሰገነት


ጊዮርጊስ ጀርባ
ህዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ፣ ደህና አይደለሁም።

ይህን ጽፌ ብዙ ቆየሁ። ከፍ ያለ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ዙሪያዬን አየሁ። ማንም አልነበረም፣ ቤቱም አልፈረሰም። እንግዲህ ልቀጥል።

ያመኛል። ጠዋት ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ያብጣል፣ ይግላል። ማታ እግሬን የማሳርፍበት ቦታ አጣለሁ። ለሶላት ነው የምነቃው ያልኩሽ፣ መቼ ተኝቼ ነው የምነቃው? ሙኒር እንዳይሰማኝ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቅሳለሁ። ጠያቂ ፊት ብድግ ስል ፊቴ ላይ ፈገግታ ለመለጠፍ የማወጣው ጉልበት ከሱቅ ሥራ ይበልጣል። ደግሞ ከህመሙ የባሰ ሐሳብ አለ። "ተበላሽቷል፤ የሰው ልግስና በኔ ላይ ባክኗል፤ ይህን ለጋሽ ገነነ ማን ይነግረዋል?" የሚል። ያ ሐሳብ ሲመጣ እግሬ እጥፍ ያመኛል።

ደብዳቤሽን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ብርኽቲ ዘንድ ሄድኩ። ጉልበቴን አጥፋ ለካች፤ ከበፊቱ ያነሰ ነው የታጠፈው። አልተቆጣችም። "እንዴት ነዎት?" አላለችኝም። "ማታ ስንት ሰዓት ይተኛሉ?" አለችኝ። ቀጥላ "ሲያጥፉት ምን ይሆናል ብለው ነው የሚፈሩት?" አለች። ቀጥላ ደግሞ "ቀን ከማን ጋር ነው የሚውሉት?" አለች። እዚህች ላይ ተሸነፍኩ። ከማን ጋር ነው የምውለው? ያንቺ በር ከኔ በር ፊት ለፊት ነበር። አሁን እዚያ ቦታ ዛፍ ተተክሎ ሣር ተነጥፎበታል፣ ያምራል። ሣር ግን "ዐፊፋ፣ ተነስተሻል?" አይልም። ጠያቂ ይመጣል፣ አጨብጭቦ ይሄዳል። እኔ እቀራለሁ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ስለ ተውሶ ሳህኑም ጭምር። "ይኸኛው ሳህን ካልበሉበት ነው የሚሰበረው" አለችኝ።

ሐኪሙን ጠራችው። ደም አስመረመረኝ፣ ራጅ አስነሳኝ። ብረቱ ቦታው ላይ ነው፤ ኢንፌክሽንም የለም። ከዚያ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና "ከምስጋናዎ ቀጥዬ መጠየቅ ነበረብኝ፣ ይቅርታ" አለኝ። እኔም ይቅርታ አልኩት። ሁለታችንም አፈርን። ከዚያ አስረዳኝ። ሥራው ጥሩ ሆኖም አንዱን ብዙ የሚያመው፣ ሌላውን ጥቂት የሚያመው ምክንያቱ ቢላዋው ብቻ አይደለም አለ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ዓመታት ያመመው ሰው፣ ነርቩ ህመምን ለምዶ ቶሎ አይለቀውም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ይብስበታል። የፈራ ሰው፣ ብቻውን የዋለ ሰው፣ መንቀሳቀስ የተወ ሰው፣ በሳምንት ትሮጣለህ የተባለ ሰው ሁሉ ይብስበታል። "ህመሙ የውሸት ነው ማለቴ አይደለም፣ እውነተኛ ነው። ግን መያዣው ብዙ ነው፤ በብዙ በኩል ነው የምንፈታው" አለኝ። ማስታገሻውን መልሶ አዘዘልኝ፣ ሊወስደኝ ለመጣው ለሙኒርም አወሳሰዱን ነገረው። ሙኒርም ሁሉን ሰማ። መንገድ ላይ ክንዴን ይዞ "የቧንቧውን ድምፅ እሰማ ነበር እማ፤ ልጠይቅሽ ፈርቼ ነው" አለኝ። ሰምቶ ኖሯል ልጄ።

እንግዲህ ይኸው ነው እውነቱ እትዬ። ነይ ልበልሽ ቅሪ ልበልሽ አላውቅም። ላንቺ ያሰብኩልሽ እየመሰለኝ ነው የዋሸሁሽ። በዚህ ከተቀየምሽኝ ይገባኛል፣ ከተውሽኝ ግን አልችለውም።

ዐፊፋ


ቡታጅራ
ህዳር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

የኔ እህት፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ለልጄም አነበብኩላት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰው ሲያመው እንዴት እግዚአብሔር ይስጥልኝ ይባላል እንዳትይ፤ ህመሙን አይደለም፣ ቃሉን ነው የማመሰግነው። መድኃኒቱ መመለሱን ስሰማ ተንበርክኬ ላመሰግን ፈልጌ ጉልበቴ እምቢ አለኝ፣ ተቀምጬ አመሰገንኩ።

ልጄ ለካ ቀጠሮዬን አልሰረዘችውም። "ንዴትሽ እስኪበርድ ብዬ ነው" አለችኝ። እኔን ብትመስል ኖሮ በዚያኑ ቀን ትሰርዘው ነበር፣ ደግነቱ አባቷን ነው የመሰለችው።

ዐፊፋ፣ እመጣለሁ። ያመኛል ስላልሽኝ ነው የምመጣው። ምንም አይለኝም ስትዪኝ ጨለማ ውስጥ ግቢ ያልሽኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ክፍሉን ገብተሽ ያየሽው አንቺ ነሽ፤ ወንበሩ የት እንዳለ፣ ገደሉ የት እንዳለ ትነግሪኛለሽ። እስቲ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ንገሪኝ። ምኑ ነው የሚከፋው? መቼ ነው የሚያስደነግጠው? እንዳታሳምሪው።

ከወጣሁ በኋላ አንቺ ዘንድ ነው የማርፈው። ልጄ ቡታጅራ ትመለስ፣ ሥራዋን ትሥራ። ሁለት አንካሶች አንድ ቤት ብንውል ቢያንስ ሙሉ እግር ይወጣናል።

ሰገነት


ጊዮርጊስ ጀርባ
ታህሳስ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ፣ አልጋሽ መስኮቱ ጋ ተነጥፏል። ሙኒር ከፍ እንዲልልሽ ብሎ ከሥሩ እንጨት አስገብቶበታል፣ ዝቅ ያለ አልጋ ለአዲስ ጉልበት ጠላት ነው።

የጠየቅሽኝን ሳላሳምር ልንገርሽ። የመጀመሪያው ሳምንት ክፉ ነው። ስትነቂ እግርሽ ተራራ ያከለ ይመስልሻል። በማግሥቱ ያስነሱሻል፤ "እነዚህ ሰዎች አብደዋል" ትያለሽ፣ ግን ተነሺ። ማታ ማታ ይብስብሻል፤ ስለተበላሸ አይደለም፣ እንዲያው ማታ ይብሳል። ይግላል፣ ያብጣል። በጎኑ በኩል ቆዳሽ ይደነዝዛል። ሲታጠፍ ከውስጥ ቀጭ ይላል፤ እኔ ስሰማው ክው ብዬ ቀርቼ ነበር፣ የብረቱ ነው። ማስታገሻውን ህመሙ ሳይበረታ ውሰጂ፤ ከበረታ በኋላ ማሳደድ ነው። በሆነ ቀን ያለምክንያት ያስለቅስሻል፣ አልቅሺ። ሙሉ በሙሉ የማይለቃቸው ሰዎችም አሉ ብሎኛል ሐኪሙ። እንዳልደብቅሽ ብዬ ነው።

የኔ ቀንሷል። አልጠፋም፣ ቀንሷል። እንቅልፍ የሚባለውን ነገር አገኘሁት። ጉልበቴም መታጠፍ ጀምሯል፤ ብርኽቲ ስትለካው ከኔ በላይ ትደሰታለች።

ጋሽ ገነነን እንዴት እንዳደረግኩት ልንገርሽ። እሁድ ከነሠራዊቱ መጣ። አልተነሳሁም። ተቀምጬ "ጋሽ ገነነ፣ ይቅርታ፣ ዛሬ አልነሳልዎትም። ያመኛል" አልኩት። እሱ ባርኔጣውን አውልቆ "እስከ ዛሬ ስታስጨበጭቢን የኖርሽው በህመም ነው?" አለኝ። "ያጨበጨባችሁት እናንተ" ብለው ሳቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ "እኔም የሐሞት ከረጢቴን አስወጥቼ ስመለስ ደህና ነኝ እያልኩ ግማሽ ዓመት ማቅቄያለሁ" አለ። አንዱ ወገቡን፣ አንዱ ዓይኑን መናገር ጀመረ። ቤቴ የህመም ገበያ ሆነ! ስሄድ ለማየት መምጣት ቀርቶ አሁን አብረውኝ ይሄዳሉ። ከሰዓት ከሰዓት አንዳቸው ይመጡና እስከ ጊዮርጊስ አደባባይ ሄደን ማኪያቶ ጠጥተን እንመለሳለን። የድልድዩ ነጋዴ ደግሞ ሱቄን ተራ በተራ ከፍቶ ይጠብቅልኛል። ለዚህ ሰፈር ምን እከፍላለሁ እትዬ? ከንግዲህ እውነቴን እነግረዋለሁ፣ ሌላ የምሰጠው የለኝም።

በዱዓዬ ነሽ። ነይ።

ዐፊፋ


ከሐኪም ቤቱ አልጋ
ታህሳስ 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዐፊፋዬ፣

ትናንት በመጠየቂያው ሰዓት ሰው ከቦን ነበርና ይህን ሳልነግርሽ ሄድሽ። አንቺ ስትነግሪኝ ደግሞ ከንፈርሽን ማየት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ስትራመጂ እግርሽን እያየሁ ነበር። ያንን ሁሉ ደረጃ ወጥተሽ መጣሽልኝ።

ያመኛል። እንዳልሽው ነው፣ አንዱም አልቀረ። ተራራ ያከለው እግር፣ ግለቱ፣ ድንዛዜው። በማግሥቱ ሲያስነሱኝ "አብደዋል" ስል ልጄ ሳቀች፤ ጮክ ብዬ ኖሯል የተናገርኩት። ማታ ሲብስብኝ ደግሞ ተጠንቅቄ ጠበቅኩት። መጣ። "አንተን እንኳ አውቅሃለሁ፣ ዐፊፋ ነግራኛለች" አልኩት። ማመሙን አልተወም፣ አላስፈራኝም ግን። ሐኪሙ ቁጥር ጠየቀኝ፣ ልጄ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ሰባት ነው አልኩት። ሁለቱም ይባላል ለካ። ማስታገሻ ጨመረልኝ።

አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ ለተክርስቶስ የምትባል ሴት አለች። ከኔ በኋላ ነው የተሠራችው፣ እሷም ጉልበቷን ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አንሶላውን ነክሳ ትንቀጠቀጣለች። ነርሷ ስትመጣ ትዞርና ፈገግ ትላለች። አየኋትና አንቺን አየሁ። ልጄን "አልጋዬን ወደሷ አስጠጊልኝ" አልኳት። እጇን ያዝኩና ያንቺን ደብዳቤ አንድ በአንድ ነገርኳት። ማታ ይብሳል፣ ስለተበላሸ አይደለም። ቀጭ ይላል፣ የብረቱ ነው። ሳይበረታ ውሰጂ፣ ነርሷን ጥሪያት፣ አትፈሪ። ምስኪን፣ ተበላሽቶብኝ ነው ብላ ሰው እንዳይሰማባት እያለቀሰች ነበር። ልጆቿ ላሟን ሸጠው ነው ያሳከሟት፣ እንዴት ብላ ያመኛል ትበላቸው? ነርሷን ጠራች። ህመሟን ነገረቻት፣ መድኃኒት አገኘች፣ ተኛች።

ስትነቃ ልጄን "ለእናትሽ ይህን ሁሉ የነገራት ማነው?" ብላ ጠየቀቻት። ልጄ ስምሽን ነገረቻት።

ዛሬ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ስትጸልይ ነቃሁ። ማርያምን ስትጠራ፣ የልጆቿን ስም ስትጠራ አያታለሁ። ጆሮዬ እንደምታውቂው ነው፣ አንድም አልሰማሁም። ከልጆቿ ስም ቀጥሎ ግን ከንፈሯ ላይ በደንብ አየሁት። ዐፊፋ አለች።

ሰገነት